ካሴቶቻችንን ከነትዝታቸው ተቀበሉን

ይድረስ፦ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ግልባጭ፦ ካሴት በቆጥ፣ በሣጥን ወይም በአልጋ ሥር ላስቀመጣችሁ ሁሉ
ጉዳዩ፦ የቆዩ ካሴቶች ከባለቤቶቻቸው ትዝታ ጋር እንዲሰበሰቡ ስለመጠየቅ

እንደምን ከርማችኋል?

ወደ ጥያቄዬ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ካሴት ልንገራችሁ። የማሕሙድ አሕመድ ዘፈኖች ያሉበት ነው። አባቴ ያኔ ኦርጅናሉን መግዛት አልቻለም። ባዶ ካሴት ገዝቶ ሙዚቃ ቤት ወሰደና አስቀዳው። የ60 ደቂቃ ካሴት ነው፤ ሠላሳ በፊቱ፣ ሠላሳ በጀርባው። ቤት ሲመጣ የዘፈኖቹን ስም በሰማያዊ እስክርቢቶ ተራ በተራ ሽፋኑ ላይ ጻፈ። አስተማሪ ስለነበር ጽሕፈቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው ነው፤ ከሥሩ ሳይቀር በማስመሪያ አስምሮበታል።

አንድ እሑድ አያቴ ቡና እያፈሉ ነው። ታናሽ እህቴ፣ ያኔ አራት ዓመቷ ነው፣ ቴፑ አጠገብ ቁጭ ብላ ትጫወታለች። ማሕሙድ ይዘፍናል። እህቴ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነችው። ኦርጅናል ካሴት ቢሆን ኖሮ ቴፑ እምቢ ይል ነበር። ይሄ ግን የተቀዳ ነው፤ አባቴ ደግሞ በላዩ እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጆሮ መስበር ረስቶ ነበር። ስለዚህ ቴፑ ዘፈኑን እየደመሰሰ የቤታችንን ድምፅ መቅዳት ጀመረ።

አርባ ሰከንድ ያህል ነው። መጀመሪያ ቋ ይላል። ዘፈኑ ጥፍት ይላል። ከዚያ ሙቀጫ ይሰማል፤ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ። ከደጅ ዶሮ ይጮኻል። ሙቀጫው ይቆምና አያቴ፣ «ኧረ ይቺ ልጅ አንድ ነገር ነካካች፤ ዘፈኑ የት ሄደ?» ይላሉ። እህቴ ትስቃለች። የአባቴ ኮቴ እየሮጠ ይመጣል። እንደገና ቋ ይላል። ማሕሙድ ከተወው ቦታ ብዙ አልፎ ይቀጥላል።

አባቴ ያን ዕለት በጣም ነበር የተናደደው። ቡናውንም ሳይጠጣ ወጣ። ካሴቱን ድጋሚ ለማስቀዳት ሁለት ሦስት ጊዜ አስቦ ሳይመቸው ቀረ። እንኳንም ቀረ። አያቴ በ1989 ዓ.ም. አረፉ። ሦስት ፎቶ አላቸው። ድምፃቸው ግን ከዚያ ካሴት በስተቀር የትም የለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ካሴት ምክንያት ነው። ግን የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

እዚህ አዲስ አበባ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ የምንገናኝ የሙዚቃ ወዳጆች አለን። ከአሥራ አምስት አንበልጥም። ማኅበር አይደለንም፣ ማኅተምም የለንም። የአንዱ ሳሎን ውስጥ እንቀመጣለን፤ ቡና ይፈላል፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ አልበም ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የት እንደሰማው፣ ከማን ጋር እንደሰማው፣ ያኔ ምን ላይ እንደነበር ይናገራል። ከዚያ ዘፈኑ ይከፈታል። የትኛው አልበም ይበልጣል ብሎ መከራከር ክልክል ነው። ይህን ክልከላ መጀመሪያ ስንስማማበት እንደ ቀላል ነገር ነበር ያየሁት። አሁን ግን ስብሰባችንን ያቆየው እሱ ይመስለኛል። ሰው አልበሙን መከላከል ሲቀርበት ልቡን ከፍቶ ያወራል።

በዕድሜ የሚበልጡን የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። አሰብ ወደባችን በነበረችበት ዘመን በኤንትሬ ጭነት ሲያመላልሱ ነው የኖሩት። እሳቸው ይዘው የመጡት የጥላሁን ገሠሠን ካሴት ነው። ዳሽቦርድ ላይ ውሎ ሲያድር በአፋር ሙቀት ጥብጣቡ ተለጥጧል። አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይወርድና ዘንበል ይላል፤ ተመልሶ ይነሣል። አንድ ሌሊት ረዳታቸው በወባ ትኩሳት ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ። ዱብቲ ሆስፒታል እስኪደርሱ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይህንኑ ካሴት እያገላበጡ ሰሙት። ፊቱ ሲያልቅ ጀርባው፣ ጀርባው ሲያልቅ ፊቱ። ልጁ ዳነ። አሁን ልጆች አሉት፤ ለዓመት በዓል ይደውልላቸዋል።

ከመካከላችን አንዱ ያንኑ ዘፈን ከስልኩ ከፈተላቸው። ንጹሕ ቅጂ ነው፤ ትንሽ እንኳ አይንሻፈፍም። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ድምፁስ የጥላሁን ነው። ዘፈኑ ግን እሱ አይደለም» አሉ። ድምፁ ዘንበል የሚልበትን ቦታ ሲጠብቁት አልመጣም።

ሌላዋ ወዳጃችን ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ የአስቴር አወቀ ካሴትና አንድ ዎክማን ነበር። ሌሊት ማዳም ስትተኛ ኩሽናው በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ትሰማለች። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም የአስቴር ድምፅ ይጎተታል፤ የወንድ ድምፅ ይመስላል። ቀን ድንጋዩን መስኮት ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ ማታ ለሁለት ዘፈን የሚሆን ነፍስ ይዘራል። የሚገርመው ግን ይሄ አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰማችው ፊቱን ብቻ ነው። ጀርባው ላይ እናቷ እንጀራ ስትጋግር የምታንጎራጉረው ዘፈን አለ። «እሱን የምሰማው አገሬ ገብቼ ነው» ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ገብታም የመጀመሪያውን ቀን ካሴቱን የገለበጠችው እናቷ ናት። ይህን ስትነግረን ሁላችንም ቡናችን ቀዝቅዞ ነበር።

ወጣቶችም አሉን። አንደኛው ካሴት በእጁ ነክቶ አያውቅም። እሱ ያመጣው ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን የስልክ ሚሞሪ ነው፤ የኢዮብ መኮንን «እንደ ቃል» አለበት። ኢዮብ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ሲያርፍ ልጁ ገና ተማሪ ነበር። ወንድሙ ያን ቀን ሥራ አልገባም፤ በሩን ዘግቶ አልበሙን ከአንድ ጀምሮ ሲሰማ ዋለ። ልጁ ደግሞ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ አብሮ ሰማ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የት ነው የምናገኘው? ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ እናገኘዋለን። ለጫኑልን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነገር አትርፈዋል። ግን እዚያ ላይ አልበሙ ይበተናል። ስድስተኛው ዘፈን ብቻውን ይቆማል፣ ከአምስተኛው ጋር የነበረው ዝምድና ይጠፋል። የግጥሙ ደራሲ ማን ነው? ዜማውን ማን ሠራ? ያቀናበረውስ? የትኛው ባንድ ተጫወተ? እነዚህ ሁሉ የካሴቱ ሽፋን ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፈዋል። ሽፋኑ ሲጣል አብረው ይጣላሉ። ከሁሉም በላይ የሰሚው ታሪክ የትም አይመዘገብም። ጋሼ አንድ ቀን ቢለዩን የዱብቲው ሌሊት አብሯቸው ይሄዳል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

የሸክላውን ዘመን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የነበረው ሀገር ፍቅር ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ያን ተጋፍቶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳትሟል። ዓሊ ታንጎ እያልን የምንጠራው ዓሊ አብደላ ኬፋም በከይፋ ሪከርድስ ሥር የራሱን ድርሻ አበረከተ። ማሕሙድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እረ መላ መላ»ን የቀዳው ለከይፋ ነው። ያው ሥራ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታትሞ አውሮፓን ዞረ። ኋላም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ የዚያን ዘመን ሥራ ለዓለም አዳረሰ። ዛሬ ሸክላዎቹ በውድ ዋጋ ይፈለጋሉ። የሸክላው ዘመን፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ ተርፏል ማለት ይቻላል።

የካሴቱ ዘመን ግን እንደዚያ አልታደለም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሸክላ እየጠፋ ሲሄድ ቦታውን የወሰደው ካሴት ነው። ርካሽ ነው፣ ገጠር ድረስ ይሄዳል፣ ማንም ይቀዳዋል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሆቴል ውስጥ ሙዚቃ ሊሰማ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ዋሊያስ ባንድ ሂልተን ውስጥ ሌሊቱን ሲጫወት ያደረው ለዚህ ነው። ሆቴል የመግባት አቅም የሌለው ሰፊው ሕዝብ ያንን ዓለም የሚያውቀው በካሴት ብቻ ነበር። ሮሃ፣ ኢትዮ ስታር፣ ዳህላክ ባንዶች። ኤፍሬም ታምሩ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ነዋይ ደበበ። ለፋሲካ ወይ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ካሴት ሲወጣ ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያውን ደጃፍ ያወጡ ነበር። መንገደኛው ቆሞ አንድ ዘፈን ሳይሰማ አያልፍም። አንዳንዱ ሥራ ሸክላ ሆኖ አያውቅም፤ ሲዲም አልሆነ። ካሴት ሆኖ ተወልዶ ካሴት ሆኖ ቀረ።

የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ፤ ነገሬን ከማንም በተሻለ ያስረዳልኛልና። ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ለዝግጅት ሄዶ አንዳንዶቹ እዚያው ሲቀሩ እሱም ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር እየደራረበ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። በካሴት ወጣ። ከዚያ ዝም ተባለ። ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ይይዛል፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመዳል።

ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አለፈ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሱቅ ገባ። ካሴቶቹን ሲያገላብጥ ያችን አገኛት። በ2013 እንደገና ታተመች። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ከአገር አገር እየዞረ ተጫወተ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ባሕር ዳር ያለው ባለ ሱቅ ያችን ካሴት አቧራ ስለጠጣች ጥሏት ቢሆን ኖሮስ? እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። ስንት እንደ እሷ ያለ ካሴት ተጥሏል ማለት ነው?

መጣሉንማ በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጅ ሆኜ የምመላለስበት አንድ ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ ደረስኩ። ካሴቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልተው ደጅ ተደርድረዋል። ቆራሌው በኪሎ እየተደራደረ ነበር። ለፕላስቲኩ ነው፤ ጥብጣቡን እየመዘዙ ይጥሉታል አለኝ። ኪሴ ውስጥ ባለኝ ገንዘብ አንድ ከረጢት ገዛሁ። ሌሎቹ በጋሪ ሄዱ። ቡናማው ጥብጣብ ከጋሪው ላይ እየተንጠለጠለ አስፋልቱን ሲጠርግ አየሁት። ባለ ሱቁን አልወቅስም፤ ኪራዩን ከፍሎ ለመውጣት የሚጣደፍ ሰው ነው። «የምወስድበት ቦታ ቢኖር እወስድ ነበር» አለኝ። ያ ቃል ነው ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ።

የሚወስድበት ቦታ እናንተ ናችሁ ብዬ አምናለሁ። ወመዘክር የሚለው የድሮ ስማችሁ ለእኔ ትውልድ ትልቅ ስም ነው። በ1936 ዓ.ም. ተመሥርታችሁ የነገሥታቱን ደብዳቤ፣ የብራናውን መጽሐፍ፣ የጋዜጣውን ጥራዝ ይዛችሁ ቆይታችኋል። በ1997 ከእናንተ ዘንድ ያሉ 12 ሰነዶች በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በዚህ እንኮራለን። የንጉሥ ደብዳቤ ሰነድ ነው። የጋሼ ካሴትም ሰነድ ነው ብትሉኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ሰው እንዴት እንደኖረ የሚናገር ሌላ ወረቀት የለምና።

የቸኮልኩበት ምክንያት አለ። ካሴት ዕድሜው አጭር ነው። ጥብጣቡ ወርዱ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ድምፁን የያዘው ቡናማ ዱቄት ከፕላስቲኩ ላይ በሙጫ ነው የተለጠፈው፤ ሙጫው በእርጥበት ይበላሻል። ሻጋታ ይበላዋል። ብዙ ዓመት ሳይነካ የተቀመጠ ካሴት ስትከፍቱ ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ያንኑ ዘፈን ከሩቅ፣ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ፣ ቀጭን ሆኖ ትሰሙታላችሁ። አንዱ ዙር ጥብጣብ ድምፁን ለሌላው ዙር እያወረሰ ነው። ለጆሮዬ ደስ ይለኛል፤ ግን የመበላሸት ምልክት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ማጫወቻው ነው። ዩኔስኮና የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች በ2019 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ ከ2025 ገደማ በኋላ የጥብጣብ ማጫወቻና መለዋወጫ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ እንደሚሆን ተናግረዋል። ያ ዓመት አልፏል። እኛም እያየነው ነው። የቴፕ ላስቲክ ፍለጋ መርካቶ ሦስት ቀን ዞሮ የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ክፍል ስጡን። ሁለት ደህና የካሴት ማጫወቻ ዴክ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ሰው ካሴቱን ይዞ ይመጣል። ሽፋኑ ፎቶ ይነሣል፣ የደራሲውና የአቀናባሪው ስም ይመዘገባል፣ ካሴቱ ተጠርጎ ዴክ ውስጥ ይገባል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ አይቸኩልም። የ60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ሰውየው ያን አንድ ሰዓት እዚያው ይቀመጣል። ምን ይሥራ? ያውራ! ሌላው ክፍል ውስጥ ማይክ ፊት አስቀምጡትና የት እንደገዛው፣ ከማን ጋር እንደሰማው ጠይቁት። ካሴቱ ሲያልቅ ታሪኩም ያልቃል። ሁለቱ በአንድ ቁጥር ይመዘገባሉ። ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ መስጠት የፈለገ ይሰጣል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ የጥላሁንን አልበም ሲፈልግ የአሰቡን ሹፌር ድምፅ አብሮ ያገኛል። እኛ በየወሩ ሳሎን ውስጥ የምንሠራው ይህንኑ ነው፤ ተሞክሮ አይተነዋል። ሰው መጀመሪያ «ምን ታሪክ አለኝ» ይላል። ዘፈኑ ሲጀምር ማስቆም ነው የሚያስቸግረው።

የባለሙያዎቹ መብት እንዴት ይሆናል እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ዘፋኞችና አቀናባሪዎች በሕገ ወጥ ቅጂ ስንት እንደተበደሉ አይቻለሁና ነገሩ ያሳስበኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ሲሉ ቅጂ ስለሚያስቀሩበት ሁኔታ የሚናገር አንቀጽ አለው። ቅጂው ከግቢያችሁ አይወጣ። መስማት የፈለገ መጥቶ፣ ተመዝግቦ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። የሰዎቹ ትዝታ ግን የራሳቸው ነውና ፈቅደው ከፈረሙ ለሁሉም ይከፈት።

ሰው ያስፈልጋል ካላችሁ እኛ አለን። ከመካከላችን ዕድሜውን ሙሉ ሬድዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ ሰው አለ። የተበጠሰ ጥብጣብ በጥፍሩ ጫፍ ይዞ ሲገጥም ማየት ያስደንቃል፤ ምላጭ፣ ትንሽ የመቀጠያ ፕላስተር፣ እስትንፋሱን መያዝ፣ በቃ። የቴፑን ሄድ፣ ድምፁን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮልና በጥጥ ሳይጠርግ አንዲት ካሴት አያስገባም። ቅዳሜውን በነፃ እሰጣለሁ ብሏል። እኔም ስም መመዝገብና ባለ ካሴቶቹን መጠየቅ እችላለሁ። አበል አንጠይቅም።

አሁን ደግሞ ግልባጩ ለደረሳችሁ።

እባካችሁ አትጣሉ። ቤት ስትቀይሩ መጀመሪያ የሚጣለው ያ ካርቶን እንደሆነ አውቃለሁ። ካሴቶቹን አቁማችሁ ደርድሯቸው፤ ከፀሐይና ከስፒከር አርቋቸው። ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት ቴፕ ውስጥ አታስገቡት፤ ቴፑንም ካሴቱንም ያጠፋል። የተጨማደደውን ጥብጣብ በእስክርቢቶ ቀስ ብላችሁ አጠንጥኑት እንጂ አትጎትቱት። ወረቀት ቁረጡና የማን እንደነበረ፣ መቼ እንደተገዛ ጽፋችሁ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱ። አንድ መስመር ይበቃል።

ባዶ የሚመስለውን ካሴት ደግሞ ሳትሰሙ አትለፉ። ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ብዙ ቤተሰብ የሚጻጻፈው በካሴት ነበር። ከካርቱም፣ ከጅዳ፣ ከሮም፣ ከዋሽንግተን የመጣ የድምፅ ደብዳቤ ስንት ቤት አለ! ብዙ ጊዜ የሚቀዳው በድሮ አልበም ላይ ነው፤ ሽፋኑ ዘፋኝ ያሳያል፣ ውስጡ ግን የአጎት ድምፅ ነው። መልእክቱ ሲያልቅ ዘፈኑ ከመሐሉ ይቀጥላል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም ከዚህ የተላከላችሁ ተመሳሳይ ካሴት እንደሚኖራችሁ እገምታለሁ። የእናትና የአባት ድምፅ፣ የሰፈር ልጆች ሰላምታ፣ ከጀርባ የሚጮኽ ሬድዮ። እሱንም አምጡት። ወይም ቅዱትና ላኩት።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣ መልሳችሁን በደብዳቤም ሆነ በስልክ በጉጉት እጠብቃለሁ። ቀን ቀጥራችሁ ንገሩኝ እንጂ የማሕሙድን ካሴት ይዤ በመጀመሪያው ቀን በራችሁ ላይ እገኛለሁ። ጀርባው ላይ ያለችውን አርባ ሰከንድ እንደ ብልሽት ቆጥራችሁ እንዳትቆርጡብኝ አደራ። ከገለበጣችሁት በኋላ ግን ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አባቴ አሁን ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ እሱን ነው የሚሰማው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሙዚቃ ወዳጅ፣ ከአዲስ አበባ